የላስታው ዋሻ ቤተ ክርስቲያንና የሠሪዎቹ ነገር



በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር ከሾላ ገበያና ከአካባቢው የተውጣጣን የዕድራችን አባላት በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ላስታ መጓዛችንን ታስታውሳላችሁ። ስለ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ ላይ አንደግመውም። የምንጽፈው ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል፣ በዋሻ ውስጥ ስላለው ስለ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የምንጽፍበትም ምክንያት፣ ጉዞው ካለቀ ይኸው ስንት ዓመት ሆኖት ክርክሩ ግን አለማለቁ ነው።

ክርክሩ የተነሣው እዚያ ሳይሆን እዚሁ ገበያችን ውስጥ ነው። እንደ ተመለስን ፎቶግራፎቹን በአንድ ቅመም ቤት ደጃፍ ላይ ዘርግተን ስንመለከት፣ ባለ ቅመም ቤቱ፣ እኛ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው አንጋፋ አባላችን፣ የጣሪያውን ፎቶግራፍ አነሡና መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ይሄን ኮከብ እኔ አውቀዋለሁ። ካይሮ ላይ በመስጊድ ሚንበር ላይ አይቼዋለሁ» አሉ። አንዱ ቀበል አድርጎ፣ «የለም ሐጂ፣ ይሄ እኮ የቅዱሱ ንጉሥ ሥራ ነው» ሲል፣ ሌላው ደግሞ፣ «እንግዲያው ግብፆች ናቸው የሠሩልን በሉና!» አለ። ሦስተኛው ተቈጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ በየለቅሶው ድንኳን ሥር፣ ካርታው እየተመታ፣ ይኸው ነገር ይነሣል። ጠቡ እንኳ የከረረ አይደለም፤ ነገር ግን ነገሩ ቀላል ስላልሆነ እስኪ በጽሑፍ እናድርገው ብለን ተነሣን።

በመጀመሪያ ስለ ንጉሡ ጥቂት እንበል። ይምርሐነ ክርስቶስ ከዛጔ ነገሥታት አንዱ ሲሆን ከቅዱስ ላሊበላ በፊት የነገሠ ነው። ትውፊቱ ዘመኑን ወደ 11ኛው መቶ ዘመን ያወጣዋል፤ አብዛኞቹ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ12ኛው መቶ ዘመን ያኖሩታል። ንጉሥም ካህንም ነበር፤ ዘውድ ጭኖ ይፈርዳል፣ ካባ ለብሶ ይቀድሳል፣ አርባ ዓመትም ነግሧል ይባላል። ቤተ ክርስቲያናችን ከዛጔ ነገሥታት ቅዱሳን ብላ ከምታከብራቸው አራቱ አንዱ እሱ ነው፤ በዓሉም ጥቅምት 19 ቀን ይውላል። ይህ ዝና የአገር ውስጥ ብቻ እንዳልነበረ የሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚህ ዋሻ ተገኝቶ ስለ ቤተ ክርስቲያኑና ስለ ካህኑ ንጉሥ መጻፉ ነው። መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ከተማ ታትሟል። እንግዲህ እኛ ከመሄዳችን 500 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ አንድ ፈረንጅ ያን ዳገት ወጥቶታል ማለት ነው።

ዳገቱም ዳገት ነው። ከላሊበላ በመኪና ብዙ ተንገጫግጨን ከደረስን በኋላ መኪናው ይቀርና በእግር ነው። ጥድና ሌላም አገር በቀል ዛፍ የሞላበትን ደን ሰንጥቆ የሚወጣ መንገድ አለ። ከእኛ መካከል ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሦስት እናቶች ስለ ነበሩ ቶሎ ቶሎ እያረፍን ወጣን። ከላይ ሲደረስ የዋሻው አፍ በኋለኛው ዘመን በተሠራ ግንብ ተከልሏል፤ ግንቡ መከለያ ከመሆን በቀር የሚያስደስት ነገር የለውም፣ እውነቱን ለመናገር። ያንን አልፎ ሲገባ ግን ዓይን እስኪለምድ ድረስ ጨለማ ነው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ነጭና ጥቁር መስመር ብቅ ይላል። ጥለቱ በየክንዱ የተደጋገመ ነጭ ኩታ ዋሻ ውስጥ የተሰቀለ ይመስላል። ያ ነው እንግዲህ ቤተ ክርስቲያኑ። ከጎኑ በዚያው አሠራር የታነፀ ሌላ ቤት አለ፤ የንጉሡ ቤት ነበር ይሉታል። ሁለቱም ከድንጋይ የተፈለፈሉ አይደሉም፤ እንደ ማንኛውም ቤት ከመሬት ተነሥተው የተገነቡ ናቸው፤ ዋሻው ጃንጥላ ሆኖላቸው ዝናብ ሳይነካቸው ይኸው እዚህ ደርሰዋል። ከወለሉ ሥር ውሃ ያለበት ረግረግ ስለ ነበረ መሠረቱ በግንድ ርብራብ ላይ ነው የተጣለው ብለው ካህኑ አንድ ቀዳዳ አሳዩን፤ እጃችንን ብንሰድድ አፈሩ እርጥብ ነው።

ከእኛ ጋር የነበረ አንድ አናጢ አባላችን፣ በዚህ ገበያ በርና መስኮት ሲሠራ ዕድሜውን የፈጀ ሰው፣ ሌላው ሰው ሲሳለም እሱ ግድግዳውን ይዳስስ ጀመር። «ጥቁሩ ቀለም አይደለም፤ እንጨት ነው» አለን። እውነትም፣ ግድግዳው አንድ ረድፍ አግድም ግንድ፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ እንደገና ግንድ፣ እንደገና ድንጋይ እየሆነ የተነባበረ ነው። ነጩ የድንጋዩ ልስን ነው። ግድግዳውም ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አንዴ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አንዴ ወደ ውጭ ይወጣል። ይህ አሠራር የአክሱም ነው። የአክሱምን ትልልቅ ሐውልቶች ያየ ሰው በድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን በር፣ መስኮትና የግንድ ጫፎች ያስታውሳል፤ ሐውልቶቹ የመቃብር ምልክት ሲሆኑ፣ የተቀረጹትም በዚያን ዘመን የነበረውን ባለ ብዙ ፎቅ የእንጨትና የድንጋይ ቤት አስመስለው ነው። ያን የመሰለ ቤት አክሱም ላይ ቆሞ አይገኝም፤ ፈርሷል። በትግራይ የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያንና ይህ የላስታው ግን ያንኑ ጥበብ ይዘው ቀርተዋል። ስለዚህ «ቤቱን ማን ሠራው» ለሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ ከግድግዳው ላይ ይነበባል። ዛጔዎች አክሱምን ጥለው ሌላ ነገር ጀመሩ የሚባለውን ወሬ የሚያምን ሰው ካለ፣ እዚያ ሄዶ ግንዱን ይቁጠር።

ከውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጣሪያውን ቀና ብለን ስናይ ሁላችንም ዝም አልን። እንጨቱ በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ተከፋፍሎ፣ በየክፍሉ መስቀል፣ ኮከብ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ሐረግና መስመር ይታያል። አንዱን መስመር በዓይን ተከትለው መጨረሻውን ለማግኘት ቢሞክሩ አይያዝም፤ ከአንዱ ኮከብ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይገባል። አራዊትና አዕዋፍም አሉበት። መስኮቶቹም በመስቀልና በልዩ ልዩ ቅርጽ ተፈልፍለው ጥቂት ብርሃን ብቻ ያስገባሉ። በመቅደሱ በኩልና ከፍ ብሎ ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ የቅዱሳንና የወንጌል ታሪክ ሥዕሎች አሉ፤ በጭስና በዕድሜ ደብዝዘዋል። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ከቀሩት ሥዕሎች ሁሉ እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ናቸው። ሥዕሎቹን ያጠኑ ሊቃውንት ከግብፅ ቅብጦች አሣሣል ጋር ያዛምዷቸዋል።

ስለዚህ ሐጂ ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። ልክ ናቸው። ያ ኮከብና ያ የተጠላለፈ መስመር በግብፅ በፋጢማውያን ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ969 እስከ 1171 ድረስ፣ በቤተ መንግሥት በር፣ በመስጊድ ሚንበርና በቅብጥ ቤተ ክርስቲያን መጋረጃ እንጨት ላይ ሳይቀር የሚሠራ ጌጥ ነበር። የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም እንጨት ሥራ አንድ ዓይነት ጥበብ ያለው በመሆኑ፣ መስቀል ወይም ጽሕፈት ከሌለበት በቀር ይህ የማን ነው ብሎ መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል። ግብፅ ውስጥ በትናንሽ እንጨት ገጣጥሞ መሥራት የተለመደበትም ምክንያት አለ። ይኸውም አገሩ በረሓ ስለ ሆነ ትልቅ ሣንቃ የሚወጣው ዛፍ የለም፤ ቢገኝም ሙቀቱ ያጣምመዋል። ትናንሽ ቁራጭ እየገጣጠሙ ቢሠሩት ግን ቁራጩ ቢኮማተርም ቢለጠጥም በሩ አይሰነጠቅም። ይህን ለአናጢያችን ስንነግረው ሳቀና፣ «እንግዲያው የላስታ ሰው ምን ቸገረው? ደኑ በሩ ላይ ነው!» አለ። ትልቅ ነገር ነው የተናገረው። የእንጨት ችግር የወለደውን ጌጥ፣ እንጨት የሞላው አገር የወሰደው ቸግሮት ሳይሆን ወዶት ነው።

እንዴት መጣ? ለዚህ መልሱ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ ከማግኘቷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ የሚላክልን ከእስክንድርያ መንበር ነበር። ጳጳስ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ከነተከታዩ፣ ከነመጽሐፉ፣ ከነንዋየ ቅድሳቱ ነው። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው የአገራችን ተሳላሚም በግብፅ በኩል ያልፍ ነበር። ከዚህ ሌላ የነጋዴው መንገድ አለ። በትግራይ በኲሓ አጠገብ ቢለት በሚባል ስፍራ፣ በዐረብኛ የተጻፈባቸው የእስላም መቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል፤ እነሱም በ10ኛውና በ13ኛው መቶ ዘመን መካከል የተቀረጹ ናቸው። በቀይ ባሕር በዳህላክ ደሴቶችም እንዲሁ ብዙ የዐረብኛ የመቃብር ጽሑፍ አለ። እንግዲህ በዛጔ ዘመን ከቀይ ባሕር ተነሥቶ ወደ ደጋው በሚወጣው መንገድ ላይ ሙስሊም ነጋዴዎች ይኖሩ፣ ይሞቱ፣ በወግ በማዕረግም ይቀበሩ ነበር። ዕቃ ሲመጣ ጨርቁም፣ ሣጥኑም፣ በሣጥኑ ላይ ያለው ኮከብም አብሮ ይመጣል። በአፈ ታሪክም የቤተ ክርስቲያኑ እንጨት ከግብፅ መጣ የሚል አለ። እንጨቱ ይምጣ፣ ባለሙያው ይምጣ፣ ወይስ የአገራችን ሰው አይቶ ይሥራው፣ ለክርክራችን ልዩነት የለውም። ንጉሡ የሚፈልገውን ያውቅ ነበር፤ አጥንቱን የአክሱም፣ ልብሱን ደግሞ ዘመኑ ካፈራው ከሁሉ የተዋበውን አደረገ።

«ሠሩልን» የሚለውን ቃል ያልወደድነው ለዚህ ነው። «የሌላ ሰው እጅ ጨርሶ አልነካውም» የሚለውንም እንዲሁ አንቀበለውም። የሐጂን ቅመም ቤት እንደ ምሳሌ እንውሰድ፦ በርበሬ ከአሜሪካ የተገኘ ተክል ነው፤ ኮሎምበስ ባሕሩን ከማቋረጡ በፊት እዚህ አገር አልነበረም። ታዲያ ዶሮ ወጥ የማን ነው? ይህን የሚከራከር ሰው ሾላ ገበያ ውስጥ ይገኛል ብለን አናምንም።

ክርክራችንን የሰማ፣ ኢጣልያ አገር የሚኖር የአንድ አባላችን ልጅ ደግሞ ሥዕሎች ልኮልናል። እሱ የላከው በሲሲሊ ደሴት በፓሌርሞ ከተማ ያለውን የንጉሥ ሩጀሮ ሁለተኛን የቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት ነው። ሩጀሮ ከሰሜን አውሮፓ የመጡ የኖርማኖች ዘር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1130 ነገሠ፤ ጸሎት ቤቱም በ1140 ተባረከ። ይምርሐነ ክርስቶስ ሠራ ከሚባልበት ዘመን ጋር አንድ ነው ማለት ነው። ሕንጻው እንደ ሮማ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግድግዳው በግሪኮች ጥበብ፣ በወርቅ በተለበጠ ጠጠር የተሠሩ ሥዕሎች ሞልተውበታል፤ ጽሑፉም በግሪክኛና በላቲን ነው። ጣሪያው ደግሞ የሙስሊም ባለሙያዎች የእንጨት ሥራ ነው፤ እንደ ማር እንጀራ እየተቦረቦረና እየተንጠለጠለ የወረደ፣ በላዩም ኮከብ፣ አዝማሪ፣ የሚጠጣ ሰው፣ ሰንጠረዥ የሚጫወቱ ሰዎች የተሣሉበት፣ የዐረብኛ ምርቃትም የተጻፈበት ነው። ፎቶግራፉን ከእኛው ጣሪያ ጎን አድርገን ስናየው ዘመዳሞች መሆናቸው ያስታውቃል። ሁለቱም ለፋጢማውያን ጥበብ ባለዕዳ ናቸው። እኛ ግን፣ ዘመድ ስለ ሆነ ብለን ሳይሆን፣ የላስታውን እንመርጣለን። የፓሌርሞው ንጉሥ ሀብቱን ሊያሳይ ነው የሠራው፤ ዓይን ያጠግባል። የላስታው ጨለማ ውስጥ ነው፤ ፈልጎ የመጣ ብቻ ያየዋል።

ከፓሌርሞው ነገር ግን እንደ ዕድርተኛ ይበልጥ የነካን አንድ የመቃብር ድንጋይ ነው። ግሪዛንቶ የሚባል የንጉሥ ሩጀሮ ቄስ እናቱ አና እ.ኤ.አ. በ1148 ሞተችበት። በዓመቱ በ1149 ላስቀመጠላት መታሰቢያ ድንጋይ ጽሑፉን በአራት ዓይነት አስጻፈው፦ በላቲን፣ በግሪክኛ፣ በዐረብኛ፣ እንዲሁም አይሁድ በሚያነቡበት በዕብራይስጥ ፊደል በተጻፈ ዐረብኛ። ቀኑንም ለየወገኑ በየራሱ ዘመን አቆጣጠር አስቈጠረው። ልጁ ያሰበው ግልጽ ነው፦ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ፣ የየትኛውም ሃይማኖት ሰው ይሁን፣ እናቱን እንዲያውቃት። ይህንን ስናነብ ሐጂ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው፣ «ጥሩምባ ነፊ ማለት እኮ ይሄ ነው» አሉ። በእኛም ዕድር ጥሩምባው ሲነፋ የእገሌ ወገን ብቻ ይምጣ አይልም፤ አንዱን ቤተ ክርስቲያን ሌላውን እስላም መቃብር ሸኝተን፣ ድንኳኑና መዋጮው ግን ያው አንድ ነው።

ይሁንና ነገሩን ከመጠን በላይ ማስዋብ አይገባም። ሲሲሊ ላይ ያ መቀራረብ ብዙ አልቆየም። ጣሪያውን የሠሩት ሰዎች የልጅ ልጆች፣ በዚያው በሩጀሮ የልጅ ልጅ በፍሬድሪክ ሁለተኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1220ዎቹ ጀምሮ ከደሴቱ ተነቅለው ሉቼራ ወደሚባል የኢጣልያ ከተማ ተጋዙ። ጣሪያው ቀረ፣ ሠሪዎቹ ሄዱ። ጥበብን መውደድና ባለጥበቡን መውደድ ለየቅል መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

አሁን ወደ ላስታው ዋሻ እንመለስ፤ ያልጨረስነው ነገር አለና። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ኋላ፣ የንጉሡ መቃብር ካለበት አልፎ፣ ዋሻው ወደ ውስጥ ጨለማ ሆኖ ይቀጥላል። እዚያ ነው እንግዲህ ሙታኑ ያሉት። ጥቂት አይደሉም፤ በሺህ ይቈጠራሉ ይባላል። አልተቀበሩም። አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ በመሆኑ ሥጋቸው ደርቆ፣ አንዳንዱ ከነመገነዣው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ይታያሉ። ትውፊቱ እንደሚለው የንጉሡን ቅድስና ሰምተው ከግብፅ፣ ከኢየሩሳሌምና ከሌላም ሩቅ አገር የመጡ፣ እዚያው ሞተው ከሱ አጠገብ ማረፍ የፈለጉ ተሳላሚዎች ናቸው። ያ የፖርቱጋሉ ቄስ አልቫሬዝም አንድ የእስክንድርያ ፓትርያርክ ንጉሡን ሊያይ መጥቶ እዚያው እንዳረፈና መቃብሩም እዚያ እንዳለ እንደ ነገሩት ጽፏል። ጣሪያው ላይ የተገናኙት አገሮች ከመሬቱም ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ባትሪ ይዘን ገባ ካልን በኋላ ከእናቶቻችን አንዷ ባትሪውን አጥፉት አሉን። አጠፋነው። ከዚያ ካህኑን፣ «አባቴ፣ እነዚህን ማን አለቀሰላቸው?» ብለው ጠየቁ። ካህኑም፣ «ስማቸው አይታወቅም እማማ፤ በጸሎት እናስባቸዋለን» አሉ። እኛ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ስንቀብር የኖርን ነን፤ ስም እየጠራን፣ ቤተ ዘመድ እየቈጠርን፣ ሣልስትና አርባ እያሰብን። ስም የሌለው፣ አልቃሽ የሌለው፣ ሰው ሁሉ ባትሪ እያበራ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሬሳ አይተን አናውቅም ነበር። ከመካከላችን «ለምን አይቀበሩም?» ያሉ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ ካህኑም ጭምር፣ ራሳቸው የመረጡት ስፍራ ስለ ሆነ አይነኩም አሉ። እኛ ከሁለተኛው ሐሳብ ጋር ነን፤ የሰው ኑዛዜ ይከበራል። ሆኖም መከለልና መቀበር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ጠንካራ መጋረጃ፣ ወይም በአናጢያችን አሳብ አንድ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር፣ ኑዛዜያቸውን አያፈርስም።

ይህንኑ በመመለሻችን መንገድ ላይ ወልድያ ባደርንበት ሌሊት ተመካክረን፣ ለመጋረጃው የሚሆን ገንዘብ በፈቃደኝነት አዋጥተናል። ከተጓዦቹ ሌላ ሐጂና ሌሎችም ሙስሊም አባሎቻችን በኋላ ሰምተው ጨምረውበታል። ከዚያ ወዲህ በላስታ ምድር ጦርነት አለፈ፤ መንገዱም ሲከፈት ሲዘጋ ቆይቶ ገንዘቡን ይዞ የሚሄድ ሰው ሳይገኝ ቀረ። ሒሳቡ በዕድሩ መዝገብ ላይ ለብቻው ተይዟል፤ አናጢያችንም የአጥሩን ልክ በዚያን ጊዜ በእርምጃው ለክቶ በወረቀት ላይ አስፍሮታል። ወረቀቱ በዕድሩ ጸሐፊ ሣጥን ውስጥ ከመዝገቡ ጋር ተቀምጧል።